የጋራ ጣራ፣ የጋራ ወጪ፦ ስለ አንድ የታሚል ፊልም ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ስለ ደቡብ ሕንድ የቤተሰብ ፊልሞች ስንጽፍ «ሳምሳራም አዱ ሚንሳራም»ን በጨረፍታ አንሥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለዚሁ ፊልም ናቸው። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፊልሙን ላላያችሁ ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። በ1986 የደቡብ ሕንዷ የታሚል ናዱ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ማድራስ (በዛሬዋ ቼናይ) የሚገኘው ኤቪኤም ስቱዲዮ ያወጣው ፊልም ነው፤ ደራሲው፣ ዳይሬክተሩና አባት ሆኖ የሚተውነው ቪሱ ነው። አማያፓን ሙደሊያር የተባለ መካከለኛ ኑሮ ያለው አባወራ ከሚስቱ ከጎዳቫሪ፣ ከሦስት ወንዶች ልጆቹና ከሁለት ምራቶቹ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል። የበኩር ልጁ ቺዳምባራም ደህና ያገኛል፤ ነገር ግን ሳንቲም ቆጣሪ ነው። ሁለተኛው ሲቫ ገና ሙሽራ ነው። የመጨረሻው ባራቲ ፈተና አላልፍ ብሎት የተቸገረ ተማሪ ነው። ሴቷ ልጅ ሳሮጂኒ ክርስቲያን አግብታ ወጥታለች። የበኩሩ ሚስት ኡማ ለመውለድ እናቷ ቤት ስትሄድ ባሏ ለቤት ከሚያዋጣው ላይ ይቀንሳል። አባት «ከቤቴ ውጣ» ይላል፤ ልጅ «ያወጣሁትን መልስልኝና እወጣለሁ» ይላል። አባት ቤቱን ለሁለት የሚከፍል መስመር ያሰምርና ወዲያና ወዲህ መነጋገር ይከለክላል።

ቺዳምባራም ምን አጠፋ? ሚስቱ ቤት የለችም፣ አትበላም። የእሷን ድርሻ ቀነሰ። ይህ ስስት ሳይሆን ሂሳብ ነው። አባትየው በከንቱ ነው የጮኸው። (ከአዳማ)

ሂሳብ ነው ካሉን በሂሳብ እንመልስልዎ። ቁጥሮቹ የእኛ ምሳሌ ናቸው፤ ከፊልሙ አልወሰድናቸውም።

በቤቱ 7 ሰው አለ እንበል፤ የወር ወጪው 3,500 ሩፒ ይሁን። ከዚህ ውስጥ 2,100ው መብራት፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የባራቲ ትምህርት፣ የዕዳ ክፍያና የመሳሰለው ነው። አንድ ሰው ሄደም መጣም ይህ አይነቃነቅም። ቀሪው 1,400 ሩዝ፣ ወተት፣ ዘይት፣ አትክልትና ቡና ነው፤ ይህ በእርግጥ በሰው ቁጥር ይወጣል፣ ይወርዳል። ቺዳምባራም 3,500ን ለ7 አካፍሎ የሚስቱን 500 ያነሣል። ኡማ ባለመኖሯ ከአስቤዛው በእውነት የሚተርፈው ግን 1,400 ለ7፣ ማለትም 200 ብቻ ነው። 300ው የት ሄደ? በአባትና በሲቫ ላይ ወደቀ። በየደባል ቤቱ፣ በየወንድማማች ቤቱ ጠብ የሚያስነሣው ይኸው ስሌት ነው፤ ቀናሹ በንጹሕ ልብ ትክክል ነኝ ይላል፣ የቀሩት ደግሞ ለምን እንደጎደለባቸው በቃል ማስረዳት ይቸግራቸዋል።

በዚህ ላይ ኡማ በላተኛ ብቻ አይደለችም። ምግብ ታበስላለች፣ አማቷን ታግዛለች፣ የሚኮራረፉትን ታስታርቃለች። እሷ ስትሄድ ቤቱ አንድ ሠራተኛ አጥቷል። ለዚያ ማን ካሰ?

የሕንድ ተመልካች ሳይነገረው የሚረዳው ሌላም ነገር አለ። በታሚል ባህል የበኩር ልጅ የሚወለደው በሴቷ እናት ቤት ነው። በሰባተኛው ወይም በዘጠነኛው ወር «ቫላይካፑ» የሚባል ሥርዓት ይደረጋል፤ ሴቶች ተሰብስበው ነፍሰ ጡሯን በሁለቱም እጆቿ የመስታወት አምባር ይደረድሩላታል፣ የሎሚ፣ የተምር ሂንድ፣ የኮኮናትና የእርጎ ሩዝ ይቀርባል፤ ከዚያ ወላጆቿ ይዘዋት ይሄዳሉ። የወሊዱም የአራስነቱም ወጪ በአብዛኛው በእነሱ ላይ ነው። እኛም ዘንድ ሴት ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት ስለምትሄድ ነገሩ አይጠፋዎትም። እንግዲህ ቺዳምባራም አራሷን አማቶቹ እየቀለቡለት፣ እሱ ደግሞ ከአባቱ ቤት «አትበላም» ብሎ ይቀንሳል። ከሁለቱም ወገን አተረፈ ማለት ነው። ሕፃኑን ይዛ ስትመለስስ መዋጮውን ይጨምር ነበር?

ይህን ሁሉ ብለን ግን አባትየውም ጥፋት አለበት። መዋጮው ለምን እንደሆነ፣ ስንቱ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ አልተለየም። በእንዲህ ዓይነት ቤት የሚሠራው መንገድ ወጪውን በሁለት ደብተር መክፈል ነው። ቋሚው በገቢ መጠን ይከፈላል፤ ምግቡ በነፍስ ወከፍ። በላይኛው ምሳሌ አባት 1,500፣ ቺዳምባራም 3,000፣ ሲቫ 1,500 ቢያገኙ ቋሚው 2,100 እንደ ገቢያቸው ሲደለደል 525፣ 1,050 እና 525 ይሆናል። ምግቡ በነፍስ ወከፍ 200 ነው፤ አባት የሚስቱንና የባራቲን ጨምሮ 600፣ ሁለቱ ባለትዳሮች ደግሞ 400፣ 400። ሲጠቃለል አባት 1,125፣ ቺዳምባራም 1,450፣ ሲቫ 925 ያወጣሉ። ኡማ ስትሄድ ቺዳምባራም 1,250 ያመጣል፣ ማንም አይጎዳም፣ መስመርም አይሰመርም። ፊልም ግን አይኖርም ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ የታሚል ናዱ ልጅ አለ። «እህቴን ሳልድር አላገባም» እያለ ደመወዙን ሁሉ ይልካል። ፊልሙ ላይም ወንድም ለእህቱ ሠርግ ያወጣውን ሲጠይቅ አየሁ። ግዴታ ነው? ገንዘቡስ በቤቱ ላይ ድርሻ ያሰጠዋል? (ከሻርጃህ)

በልማድ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። በተለይ በኩር ወንድም እህቱን ሳይድር ራሱ ቢያገባ ያሳማዋል። ወጪውን የሚያከብደው ወርቁ ነው። እዚያ የሙሽራ ወርቅ የሚነገረው በ«ፓቩን» ነው፤ አንዱ 8 ግራም ነው። ጓደኛዎ «40 ፓቩን ጠይቀውናል» ካለዎት 320 ግራም ወርቅ ማለቱ ነው። ሠርጉ ካለፈም አያበቃም፤ በየበዓሉ፣ እህት ስትወልድ፣ የልጇ ጆሮ ሲበሳ የወንድም እጅ ይጠበቃል። የልጅ አጎት በእናት በኩል በታሚል ቤት ትልቅ ማዕረግ ነው፤ ማዕረጉ ደግሞ ያስወጣል።

በሕጉ በኩል ጥሎሽ (እዚያ የሚሰጠው ከሙሽራዋ ወገን ለሙሽራው ወገን ነው) መጠየቅም መስጠትም በ1961 በወጣው የሕንድ ሕግ ወንጀል ነው። በፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ ይፈቀዳል፤ ሆኖም ከ1985 ወዲህ ባለው ደንብ የስጦታው ዝርዝር ተጽፎ መያዝ አለበት። ይህን ዝርዝር የሚጽፍ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ጠብ ሲመጣ ሁሉም የሚፈልገውም እሱን ነው። ጓደኛዎ ምክር ከጠየቀዎት በመጀመሪያ ይህን ይንገሩት፦ የእያንዳንዱ ጌጥ ክብደት፣ የሰጪው ስም፣ ቀኑ፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ። ወርቁ በሕግ የሙሽራዋ የራሷ ነው፤ የባሏም የአማቷም አይደለም።

ቤቱን በተመለከተ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። አባት በደመወዙ የገዛው ከሆነ የአባት ነው፤ በሕይወት እያለ ይሸጠዋል፣ ለፈለገው ይናዘዛል። ልጅ በየወሩ ለአስቤዛ፣ ወይም አንድ ጊዜ ለእህቱ ሠርግ የሰጠው ገንዘብ በሰነድ ካልተደገፈ የባለቤትነት ድርሻ አይሆነውም። ስለዚህ የቺዳምባራም «መልስልኝ» በፍርድ ቤት ብዙ አያራምደውም ነበር። እሱ የያዘው ዕዳ የሞራል ዕዳ ነው፤ አባትየውንም ያሳበደው ይኸው ነው።

ከአያት የወረደ ንብረት ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ወንዶች ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ ድርሻ አላቸው። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ በታሚል ናዱ ሴቶች ልጆች ይህ መብት አልነበራቸውም። ግዛቱ በ1989 ሕጉን አሻሽሎ እስከዚያው ዓመት መጋቢት 25 ድረስ ላላገቡት ሰጣቸው። በ1986 ተድራ የነበረች ሴት ያ ማሻሻያ አልፏት ነበር፤ ያስገባት የ2005ቱ የመላው ሕንድ ማሻሻያ ነው። በ2020 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አባቷ በ2005 በሕይወት ነበረም አልነበረ መብቷ ከልደቷ ጀምሮ ነው ብሎ አጸናው። «ድረናታል፣ ድርሻዋን በወርቅ ወስዳለች» የሚለው የወንድሞች አባባል ዛሬም በየቤቱ ይሰማል፤ ሕጉ ግን አይቀበለውም።

በታሚል ፊልሞች ላይ «ሲቱ» የሚሉት የእኛ ዕቁብ ነው? (ከሐዋሳ)

የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ልዩነቱ ጨረታው ላይ ነው። 20 ሰዎች በወር 5,000 ሩፒ ይጥላሉ እንበል፤ ድምሩ 100,000 ይሆናል። በእኛ ዘንድ ዕጣ ይወጣና የደረሰው ሙሉውን ይወስዳል። እዚያ ግን የቸገራቸው ይጫረታሉ፦ «እኔ 15,000 ትቼ ልውሰድ»፣ «እኔ 25,000 ልተው»። ብዙ የተወው ያሸንፋል። በ25,000 ያሸነፈው 75,000 ይዞ ይሄዳል። ከተተወው 25,000 ላይ ሰብሳቢው ኮሚሽኑን፣ 5 በመቶ ከሆነ 5,000 ያነሣል፤ ቀሪው 20,000 ለ20ው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,000 ይደርሳል። ስለዚህ የዚያ ወር መዋጮ ወደ 4,000 ይወርዳል። የሕጉ የኮሚሽን ጣሪያ እስከ 2019 ድረስ 5 በመቶ ነበር፤ አሁን 7 ነው።

ገንዘቡ ያልቸገረው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፤ በየወሩ ከሌሎች ችግር ትርፍ ያገኛል፣ በመጨረሻም ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይወስዳል። የቸገረው በመጀመሪያዎቹ ወራት በውድ ይገዛል። ልጁን የሚድር አባት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። በታሚሎች ዘንድ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ሠርግ አይደረግም፤ «ታይ» የሚባለው ወር በጥር አጋማሽ ሲገባ ግን ሠርጉ ይጎርፋል። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት መጫረት የግድ የሆነበት ሰው እጁን ከማንሣቱ በፊት ይህን ያስላ፦ 75,000 ወስዶ ቀሪዎቹን ወራት መክፈሉን ይቀጥላል።

የሚበላሸው እንደ እኛው ነው፤ ቀድሞ የወሰደ ይጠፋል፣ ወይም ሰብሳቢው ራሱ ይሰወራል። ለመጀመሪያው ዋስ ይጠራል። ለሁለተኛው ሕንድ በ1982 ሕግ አውጥታ ሲቱ ሁሉ በግዛቱ መዝጋቢ እንዲመዘገብ አዛለች። ያልተመዘገበው ግን ዛሬም በየሰፈሩ አለ፤ በፊልሞች ላይ ጉድ የሚፈላውም በእሱ ነው።

መጨረሻው አናደደኝ። ኡማ ሁሉንም አስታርቃ፣ አማቷ መስመሩ ይጥፋ ሲል፣ «ለየብቻ እንኑር» ትላለች። ታዲያ ምን አደከማት? (ከአዲስ አበባ)

ከተጣሉ በኋላ መለያየትና ከታረቁ በኋላ መለያየት አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ዓይነት ልጅ ዕዳውን፣ አባት ቂሙን ይዞ ይቀራል። ኡማ ቤቱ እንዲፈርስ አልፈለገችም፤ ገንዘቡ፣ ኩሽናውና ፍቅሩ በአንድ ደብተር መጻፋቸው እንዲቀር ነው የፈለገችው። ለየብቻ ኑሩ፣ እየተገናኛችሁ ተደሰቱ ነው ያለችው።

ልጅ ሲያገባ ጎጆ መውጣቱን እንደ ወግ ለሚያይ የእኛ አንባቢ ይህ ምኑ ይደንቃል? ለታሚል አባት ግን የወንድ ልጅ ለብቻው መውጣት፣ «ታኒ ኩዲታናም» የሚሉት፣ ምራት ልጄን ነጠቀችኝ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ በፊልሞቻቸውም ይህን የምትጠይቅ ምራት ክፉ ሆና ትሣላለች። ቪሱ ያንኑ ጥያቄ ቤቱን ባቆመችው ደግ ምራት አፍ አስገባው። ላክሽሚ ኡማን ስትተውን ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ እኛ እንደምናየው ትዕይንቱን ያዳነው ይህ ነው። ፊልሙም ጤናማ መዝናኛ ለሚሰጥ ተወዳጅ ፊልም የሚሰጠውን ብሔራዊ ሽልማት አግኝቷል።

አንድ ነገር እንጨምር። የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ አንድ ቤተሰብ የሚለው ከአንድ ኩሽና የሚበሉትን ነው። በመንግሥት ሱቅ ሩዝና ስኳር የሚወሰድበት የቤተሰብ ካርድም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል፤ ተለይቶ የወጣ ልጅ ስሙን ከአባቱ ካርድ አስፍቆ አዲስ ያወጣል። የአባትየው መስመር ወለሉን እንጂ ኑሮውን ሊለይ አይችልም የምንለውም ለዚህ ነው።

የመድረክ ድራማ እየጻፍኩ ነው፤ በአንድ ቤት ስምንት ሰው አለብኝ፣ ሁሉም ይጨቃጨቃል፣ ማንም አይለይም። ከዚህ ፊልም ምን ልማር? (ከባሕር ዳር)

ቪሱ ከመድረክ የመጣ ሰው ስለነበረ ጥያቄዎ ቦታውን አግኝቷል። የሚጨቃጨቁበትን ነገር ይለዩ። በፊልሙ ቺዳምባራም የሚጣላው በገንዘብ ነው። የሲቫ ሚስት ቫሳንታ የሚያስቸግራት ጊዜ ነው፦ አማቷ ባራቲን አስጠኚው ይላታል፣ ጥናቱ ያመሻል፣ አዲስ ሙሽሮች ለብቻቸው የሚሆኑበት ሰዓት ይጠፋል፣ እሷም አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች። ሳሮጂኒን የሚያጣላት ኩራቷ ነው። አንዱ ጠብ በሌላው መፍትሔ አይፈታም፤ ስለዚህ ኡማ አንድ በአንድ፣ በተለያየ ዘዴ መፍታት አለባት።

አስታራቂዎን በወሳኙ ጊዜ ከቤት ያውጡት። መስመሩ የሚሰመረው ኡማ በሌለችበት ነው፤ ብትኖር ነገሩ በአንድ ብርጭቆ ቡና ያልቅ ነበር።

የገንዘቡን ርክክብ ሁለት ጊዜ ያሳዩ፤ አንዴ ሙሉውን፣ አንዴ ጎዶሎውን። በመጀመሪያው ጊዜ ተመልካች ማን እንደሚቆጥር፣ በማን እጅ እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ ይይ፤ በሁለተኛው ጊዜ ምንም ቃል ሳይወጣ ይገባዋል። ቁጥር ግን አያብዙ፤ ተመልካች ከአንድ ትዕይንት ሁለት ቁጥር ቢይዝ ነው።

መድረኩን ለሁለት ከከፈሉ ዕቃው ይሥራ። ኩሽናው በአንዱ፣ መጸዳጃው በሌላው ወገን ይሁን፤ የቀረውን ሳቅና ሐዘን ክፍፍሉ ራሱ ያመጣልዎታል። ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ አንድ ሰውም ያስገቡ። በፊልሙ ማኖራማ የምትተውናት ሠራተኛዋ ካናማ ምራት ደፍራ የማትለውን ሁሉ ትላለች፤ ከሳሮጂኒ አማት ከአልበርት ጋር የምትጋጠምበት ትዕይንት ታሚሎች እስከ ዛሬ እየተቀባበሉ የሚስቁበት ነው። ቁጥብ ሰውዎንም ጭራቅ አያድርጉት። ራጉቫራን ብዙ ጊዜ ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ተዋናይ ነበር፤ እዚህ ግን ቺዳምባራምን ትክክል ነኝ ብሎ እንደሚያምን ሰው አድርጎ ተጫወተው፤ ከአዳማ የጻፉልንን አንባቢ ያስከተለውም ለዚህ ይመስለናል።

በምን ቋንቋ ልየው? ሂንዲ እሰማለሁ፣ ታሚል አልችልም። (ከጅዳ)

በ1987 የወጣው የሂንዲው «ሳንሳር» አለልዎ፤ ሬካ የምራቷን፣ አኑፓም ኬር የአባትየውን ቦታ ይዘዋል። ታሪኩ ያው ነው። የቪሱ ንግግር ግን ፈጣንና በቃላት ጨዋታ የተሞላ ስለሆነ ወደ ሂንዲም ሆነ ወደ ግርጌ ጽሑፍ ሲገለበጥ ብዙ ይፈስሳል። ሂንዲውን መጀመሪያ አይተው ታሪኩን ከያዙ በኋላ የታሚሉን ይክፈቱ፤ ያኔ ጽሑፉን እያሳደዱ ፊት ማየት አይቀርብዎትም። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጊዜ ካጠረዎት ከአባትና ልጅ ጠብ ጀምረው እስከ መጨረሻው ይዩ።